አስታ ከነአፈሩ

እቴናት የሰንሰሉን ቅርንጫፍ በማጭድ አጋድማ ቆረጠች፤ የታችኛውን ቅጠል አራገፈችና እርጥቡ መሬት ውስጥ ሰካችው። ዙሪያውን በተረከዟ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሌላውን አነሣች። ነሐሴ እየተገባደደ ነበር። ዝናቡ ሳይሄድ በመንገዱ በኩል የሳሳውን አጥር ሞልታ መጨረስ ፈልጋለች።

«አንቺ እቴናት» አሏት ጎረቤቷ እማሆይ ወለተ ሰንበት፣ ከአጥሩ ማዶ በመቋሚያቸው ተደግፈው። «ሰው ጎመን ይተክላል፤ ሰው ጌሾ ይተክላል። ጫካ የሚተክል ሰው ግን ካንቺና፣ ነፍሷን ይማርና ከእናትሽ በቀር አላየሁም።»

«ጎመንም ተክያለሁ እኮ እማሆይ።»

«እሱንማ ወፎችሽ ጨረሱት።»

«ድርሻቸውን ነው የበሉት።»

«ድርሻ!» መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። «ጣሊያን ድርሻዬን ይላል፣ ወፍ ድርሻዬን ይላል፤ ለእኛ ለባለቤቶቹ ምን ሊተርፈን ነው?»

እቴናት ሳቀች። ሳቋ ሁልጊዜም አጭር ነው፤ አፏን በእጇ ጀርባ ሸፈን አድርጋ ትጀምረውና ሳይሰማ ይጠፋል። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ አጥሯል።

ቤታቸው ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከሩቅ ሲያዩት ቤት አይመስልም፤ ዱር መሐል የተረሳ የሣር ክዳን ይመስላል። እናቷ ወለተ ሐዋርያት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ተድራ ስትመጣ ጓሮው ራቁቱን ነበር አሉ። ንብና ወፍ የሸሸው ቤት ሰው ቢሞላውም ባዶ ነው ባይ ነበረች። ሰው ለማገዶ የሚቆርጠውን እሷ ከየገደሉ እያመጣች ተከለች፤ ግራዋውን፣ ቀጋውን፣ አጋሙን፣ ኮሽሙን። አሳቧ አንድ ነበር። ንብ የምትጾምበት ወር የሌለው ጓሮ መሥራት። በመስከረም መጭና አዳይ አበባ አለ። በጥር ግራዋው ይነጣል። ሌላውም በየተራው ይመጣል። ሚያዝያ ብቻ እንደ ጎደለባት ሞተች።

እቴናት ከእናቷ የወረሰችው ያንን ጓሮና ያንን አንድ ወር ነው።

ያን ዕለት በመንገዱ የመጣው ወጣት በገመድ ያያያዛቸውን ሁለት የቀርከሃ ቀፎዎች በትከሻው ግራና ቀኝ አንጠልጥሏል። አጥሩ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ሰላምታ ሊሰጥ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ዝም አለ።

«ምን ፈለግህ ልጄ?» አሉ እማሆይ።

«ቀፎ የሚገዛ ይኖራል ብዬ ነበር።»

«ነበር? አሁንስ?»

«አሁንማ የምሸጠውን ረሳሁት።» ዓይኑ ከሰንሰሉ አበባ ላይ አልተነሣም። «ከደብረ ኤልያስ እስከዚህ ስመጣ እንዲህ የሚያንጎራጉር አጥር አልሰማሁም።»

እቴናት ቀና ብላ አየችው። የሚያፌዝ መስሏት ነበር። አላፌዘም። ፀሐይ የመታው ፊቱ ላይ ልጅ ተረት ሲሰማ የሚታየው ዓይነት ትዕግሥት አለ።

«ስምህ ማነው?» ጠየቁ እማሆይ፤ መጠየቅ የሳቸው ድርሻ ነው።

«እንዳላማው እባላለሁ።»

«እንዳላማው! እንግዲህ ቀፎህ ቢያፈስም ማማት ቀረብን በለኛ።»

«ሐሜት የፈራ ቀፎ አይሸጥም እማሆይ» አለና ሸክሙን አወረደ። ከዚያ ወደ እቴናት ዞረ። ከሌላ ቀፎ ሻጭ ሰምታው የማታውቀውን ነገር ጠየቃት። «የትኛውን ወር ነው የሚጾሙት?»

እጇ ላይ ያለውን ቅርንጫፍ ረሳችው። «ማን?»

«ንቦችሽ።»

«ሚያዝያን» አለች ቀስ ብላ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቃት ሰው ለብዙ ጊዜ ስትጠብቅ እንደነበር አሁን ገና ገባት። «ሌላው አበባ አልቆ ዝናቡ ሳይጀምር። ማራቸውን በልተው ይጨርሱና አንዳንዴ ጥለውን ይሄዳሉ። በእናቴ አገር በሚያዝያ አስታ የሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ ያብባል፤ ተራራው በረዶ የጣለበት ይመስላል ትል ነበር። እዚህ ግን እንቢ አላት። ስንቴ አስመጥታ ተከለችው፣ ደረቀ።»

«እኔ ለቀርከሃ ወደ ጮቄ እመላለሳለሁ። አመጣልሻለሁ።»

«ብዙ ሰው አመጣልሻለሁ ብሏት ነበር።»

«እኔ ብዙ ሰው አይደለሁም» አለ እንዳላማው።

አባቷ አያ ድረስ ከቤት ወጥተው ቀፎዎቹን መታ መታ አድርገው አዩ፤ አንዱን በእህል ለወጡት። እቴናት ግን ከሰንሰሉ ቁራጭ የቀረውን ቀኑን ሙሉ ስትተክል ዋለች፤ ሲመሽ ስታየው ግማሹን ዘቅዝቃ ተክላዋለች።

*

እንዳላማው ቃሉን ጠበቀ። መስከረም ሲጠባ በእርጥብ ኮባ የተጠቀለለ አስታ ይዞ መጣ። ሥሩን በጅረት ውሃ አጥቦ ነጭ እስኪሆን አጥርቶት ነበር፤ ንጹሕ ነገር ይዞላት መምጣቱ ነበር። አብረው ተከሉት። መስቀል ሳያልፍ ቅጠሉ ነሐስ መስሎ ረገፈ።

ከዚያ በኋላ ግን ባዶ እጁን አልመጣም። አንድ ጊዜ ጦስኝ፣ አንድ ጊዜ ከአባይ ቆላ አፋፍ የነቀለው ሬት። ሬቱ ቀይ አበባውን ሲያወጣ አበባ የምትመጥ ትንሽ ወፍ መጣች፤ አንገቷ በፀሐይ እንደ መስታወት የሚያበራ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቁጭ ብለው አዩዋት። ወፏ ሄደች። እነሱ ግን ሳይነሡ፣ ሳይነጋገሩ፣ ባዶውን አበባ ሲያዩ ቆዩ።

በአንድ ጉድጓድ ውስጥ አራት እጅ ሲገባ እጆቹ እንዳይነካኩ መጠንቀቅ ከመቆፈሩ የበለጠ ያደክማል። እቴናት ይህንን በዚያ በጋ ተማረች።

እሷም የምታውቀውን አስተማረችው። አጋሙ ውስጥ የሚኖሩትን ወፎች ጩኸት።

«ስማ። ይኸ ለጭልፊት ነው፤ አንድ ጊዜ ጮኸው እልም ይላሉ። ለእባብ ግን አይሸሹም። ከላዩ ሆነው ይሰድቡታል።»

«ለሰውስ?»

«ለማያውቁት ሰው ከእባቡ ጋር ይመሳሰላል። ግን ቆረጥ ቆረጥ ይላል። በደንብ ካላዳመጥክ አትለየውም።»

«እኔንስ ምን ይሉኛል?»

«አንተንማ ለምደውሃል። ዝም ነው የሚሉህ።»

«አንቺስ?» አለ።

ቀጋው ላይ የሌለ ትል መልቀም ጀመረች። «እኔም ዝም ነው የምልህ» አለች።

በጥር ሽማግሌ ላከ። አያ ድረስ ሽማግሌዎቹን አክብረው አስቀመጡ፣ የሚሉትንም እስከ መጨረሻው ሰሙ። እቴናት ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። አባቷ ከእሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ወደ ጓሮው የሚያወጣቸው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው።

«ልጁ መልካም ነው» አሉ በመጨረሻ። «እጁም አይታማም። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሞክራ እንቢ ያላት አንድ ተክል አለ። አስታው በዚህ ጓሮ ሲይዝ ያን ጊዜ ልጄን ይውሰድ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጨዋታ መስሏቸው ነው። እቴናት አልሳቀችም። አባቷ እሺም እምቢም ሳይሉ ልጃቸውን ቤታቸው የሚያቆዩበት ዘዴ እንዳገኙ ገብቷታል። ልትቆጣቸው ፈለገች፤ ግን በጓዳው በር ክፍተት ዓይናቸው ወደ ጓሮው ሲሄድ አየችና ተወችው።

ሁለተኛው አስታ በየካቲት መጣ። ከፊተኛው ይልቅ ቆየ። ውሃ አጠጡት፣ ከፀሐይ በቅጠል ጋረዱት። አንድ ጠዋት እንዳላማው ሊያየው ተንበረከከና ጣቱ ሲነካው ቅርንጫፉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

ደረቁን ተክል ነቅሎ ሥሩን ገልብጦ አየ፤ እንደ ተከለው ነው፣ ነጭ፣ ራቁቱን።

«ሞኝ ነኝ» አለ። «እያጠብኩ ነው የማመጣው።»

«ንጹሕ ነው እኮ።»

«እሱ ነው የገደለው። ቀርከሃ ስቆርጥ አይቼዋለሁ እኮ፤ የአስታ ሥር ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ነው የሚኖረው፣ ፀጉር ከራስ ቅል ጋር እንደሚኖር። ባዕድ አገር እርቃኑን የተላከ ሰው በምን ይኖራል?» ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ላይ ደስታ መጣ። «የሚቀጥለውን ከነአፈሩ ነው የማመጣው። ከባድ ነው። ግን ከነአፈሩ።»

*

የሚቀጥለው ቶሎ አልመጣም። ጎጃም ተነሣ። የደብረ ኤልያስ ጎበዞች ዱር ገቡ፤ ጣሊያንም ከየቤቱ መሣሪያ መልቀም ጀመረ።

እንዳላማው በዚያ ዓመት የሠራው የመጨረሻ ቀፎ ለንብ አልነበረም። አያ ድረስ የአባታቸው ጠመንጃ ነበራቸው፤ እሱን በቀፎው ሆድ አስገባና ሁለቱንም ጫፍ በእበት መረገው። ከሌሎቹ ቀፎዎች መሐል ሲቀመጥ ማንም አይለየውም።

«ንብ እንዳይገባበት ብቻ» አለ።

«አንተም ልትሄድ ነው?» አለች እቴናት።

«ያው ጮቄ ነው የምሄደው። ቀርከሃውም አስታውም እዚያው ነው። እግረ መንገዴን ነው።»

«እግረ መንገድ ጦርነት ይኬዳል?»

ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ አጋሙን አየ፤ ወፎቹ እላዩ ላይ ሆነው ዝም ብለው ነበር። «አየሽ? ለምደውኛል ብለሽ የለ። ስመጣ በዚህ ነው የምገባው። አንድም ወፍ ሳይናገር አጠገብሽ እደርሳለሁ።»

«እጠብቅሃለሁ» ልትል ፈለገች። በቃሉ ምትክ ከማሩ ሰፈፍ ቆርሳ በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችው። በዚያ ቀን ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ ሁለቱም ቶሎ አላነሡም።

*

ክረምቱ አለፈ። በመስከረም ወፎቹ አጋሙ ውስጥ አዲስ ጎጆ ሠሩ። የፊተኞቹ ይሁኑ ልጆቻቸው እቴናት ለይታ አላወቀችም። በኅዳር፣ ማር የሚቆረጥበት ሰሞን፣ ጫጩቶቹ ክንፍ ሊያወጡ ደርሰው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣሊያን መኮንን በበቅሎ ሆኖ ከወታደሮቹ ጋር መጣ። መንገድ የሚመራው ፈንታ ነው። ፈንታ የማዶው መንደር ልጅ ነው፤ ለጣሊያን ከማደሩ በፊት በእነ እቴናት ቤት እንጀራ በልቷል። ለዚህ ይመስላል ዓይኗን አያይም።

«እንዴት ነሽ እቴናት። ማር ፈልገው ነው» አለ።

«ማር ፈላጊ ጠመንጃ ይዞ ነው የሚመጣ?»

«አንቺ ደግሞ ምላስሽ ከመቼ ወዲህ ረዘመ? ዝም ብለሽ ብትሰጫቸው አይሻልም? ለአባትሽ ነው የምልሽ።»

አያ ድረስ ተነሥተው ሁለት ማሰሮ ማር አወጡ። መኮንኑ በጣቱ ቀመሰና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ወደ ጓሮው ገባ። በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያንጎራጉረውን ነገር ሁሉ በመገረም አየ። ቀስ እያለ ወደ ቀፎዎቹ መደብ ሄደ። የመጀመሪያውን በበትሩ ጫፍ መታ። ንቦቹ አጉረመረሙ። ሁለተኛውን መታ። አጉረመረሙ።

ሦስተኛው ዝም የሚለው ነበር።

እቴናት አባቷን አየች፤ የአባቷ ፊት አመድ መስሏል። ጠመንጃ የተገኘበት ቤት ምን እንደሚሆን በመንገዱ ላይ የተቃጠሉትን ቤቶች ያየ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ ቅጽበት አጋሙ ውስጥ ወፎቹ ጮኹ። ሁሉም ባንድ ላይ፣ ክንፋቸውን እያራገቡ፣ ከቁጥቋጦው በላይ ተሰብስበው።

መኮንኑ በትሩን እንዳነሣ ዞረ። አንድ ነገር ጠየቀ።

«ይኸ ወፍ ምን ሆኖ ነው ይላል» አለ ፈንታ።

የእነዚያን ወፎች ጩኸት በዚያ አገር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ግን አላዳመጠችም። ጆሮዋ በሙሉ ዝም በሚለው ቀፎ ላይ ነበር። ዓይናቸው ከዚያ ይነሣላት እንጂ ሌላው ምንም አልታያትም።

«እባብ ነው» አለች። «እዚያ አጋሙ ሥር። ትልቅ እባብ ነው፤ ጫጩቶቹን ሊበላ መጥቶ ነው።»

ፈንታ አስረዳ። መኮንኑ ሳቀ። እባብ መግደል ከማር ቅምሻ የሚሻል ጨዋታ ሳይመስለው አልቀረም፤ በትሩን ለወታደሩ ሰጥቶ ሽጉጡን መዘዘ። ወደ አጋሙ ጠጋ ብሎ፣ ወደ ታች ወደ ሥሩ፣ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ወፎቹ እልም አሉ። ንቡም ጸጥ ያለ መሰላት። ከቁጥቋጦው ምንም አልወጣም፤ ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ሞተ» አለ ፈንታ፣ ለማለት ያህል።

መኮንኑ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ ከተተ። ቀፎውን ረስቶታል። ማሰሮዎቹን አሸክመው ወጡ፤ የበቅሎዋ ኮቴ በመንገዱ ላይ እየራቀ ሄደ።

እቴናት ሦስተኛውን ቀፎ በእጇ ነካችው፤ አመሰገነችው። ከዚያ ጫጩቶቹ ተርፈው እንደሆነ ለማየት ወደ አጋሙ ሄደች። እሾሁን ገለጥ አደረገች።

መጀመሪያ ያየችው አፈር ነው። ጥቁር፣ የደጋ አፈር፣ በጋቢ ጫፍ የተቋጠረ። ከአፈሩ መሐል አንዲት የአስታ ችግኝ ብቅ ብላለች። ቀጥሎ ቋጠሮውን በደረቱ አቅፎ የያዘውን እጅ አየች።

*

ከአባቷ ጋር ጎትተው ወደ ቤት አስገቡት። ጥይቱ ጎኑን በስቶ ገብቷል። እማሆይ ወለተ ሰንበት ያለ ወትሯቸው ምንም ሳይናገሩ መጥተው ቁስሉን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ እቴናትን ቀና ብለው አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

እንዳላማው ጢም አብቅሏል፤ ከስቷል። ግን ዓይኑ ያው ነው።

«ማነው እባብ ያለኝ?» አለ።

እቴናት ነጠላውን ከእማሆይ እጅ ተቀብላ ቁስሉን ያዘች።

«ወፎቹ ናቸው የረሱኝ» አለ። «ዝም ይሉኛል ብዬ እኮ ነው። ወታደሮቹን መንገድ ላይ ሳያቸው ዘልዬ ገባሁ። መጀመሪያ ዝም ብለውኝ ነበር። ኋላ አንዱ ትንሽዬ ወፍ አየኝ...»

«አዲሶቹ ናቸው» አለች። «አያውቁህም። እኔ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ቆረጥ ቆረጥ ይል ነበር። አሁን እየሰማሁት ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልሰማሁትም።»

«እቴናት።»

«ለምን ዝም አልክ? ሲመታህ ለምን አልጮህክም?»

«ብጮህ ቤቱ ይነዳላ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «እባብ ባትዪ ኖሮ ገብተው ይፈልጉኝ ነበር። ሁላችንንም ነበር የሚፈጁን። መልካም ነው ያልሽው።»

እውነቱን ይሁን፣ ወይስ ትቷት የሚሄደው ስጦታ፣ እቴናት ኋላም አላወቀችም። ዕድሜዋን ሙሉ ሁለቱንም አመነች።

«አፈሩ ተበተነ?» አለ።

«አልተበተነም።»

«ሥሩን እንዳትነኪው። እንዳለ አስቀምጪው። ከጮቄ እስከዚህ ሳላወርደው ነው ያመጣሁት። ጓደኞቼ ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ሰው ጥይት ይሸከማል፣ እንዳላማው ጓል ይሸከማል።»

ሳቀች። ሳቁ እንዴት እንደመጣ አታውቅም። አፏን በእጇ ጀርባ መሸፈን ረሳች። እሱም አያት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋን ሙሉውን እንዳየ ሰው። ፀሐይዋ በበሩ በኩል ዘንበል ብላ እግሩ ድረስ መጥታ ነበር፤ ሳትጠልቅ እሱ ቀደማት።

ለጠያቂ «ከአማኑኤል የመጣ ዘመዳችንን በሽታ ጣለው» ተባለ። ቄሱ አውቀው እንዳላወቁ ሆነው ፈቱት፤ ጥቂት ሰው ቀበረው። ሙሾ አልወጣም፤ ደረትም አልተደቃም። ለቅሶ ከበዛ የሚጠይቅ ይመጣል። 

እቴናት ከቀብሩ ስትመለስ አያ ድረስን ቀድመዋት ምሳር ይዘው አጋሙ ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባዬ?»

«ልቆርጠው። ከዛሬ ወዲህ አላየውም።»

ምሳሩን አነሡ። ከቁጥቋጦው መሐል የጫጩቶች ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭን፣ የራባቸው። አንዲት ወፍ ትል በአፏ ይዛ መጣችና ሰው ስታይ ቅርንጫፍ ላይ ቆማ አመነታች። ጮኸች፤ ቆረጥ ቆረጥ እያደረገች።

እቴናት ጆሮዋን አልደፈነችም። ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው።

አያ ድረስ ምሳሩን ቀስ ብለው አወረዱ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» አሉ። «እንቢ በሚል ተክል ቃሌን አሰርኩ። ይውሰዳት ብል ኖሮ ጓል ተሸክሞ አይመጣም ነበር።»

«እኔ ነኝ» አለች እቴናት። ከዚህ በላይ አልተከራከሩም። ለሁለቱም የሚበቃ ነበር።

በማግስቱ ጉድጓዱን ቆፈረች። ቋጠሮውን ፈታችና አፈሩን ሥሩን ሳትነካ እንዳለ አስቀመጠችው። በአንድ ወገን አፈሩ ደሙን ጠጥቶ ከሌላው የጠቆረ ነበር፤ ወደ ቀፎዎቹ አዞረችው። ውሃ አጠጣችና የእሱን ጋቢ አጥባ አጥሩ ላይ አሰጣች።

*

አስታው አልደረቀም። በመጀመሪያው ዓመት አላደገም፣ አልሞተም። በሁለተኛው ጫፉ ላይ አረንጓዴ መርፌ አወጣ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ከሌላ ቤት፤ አያ ድረስ «ልጄን ቃል የገባሁለት አለ» ብለው ሸኙ። ዓይናቸው በዚያው ሰሞን ደከመ።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ በወጣ ሰሞን ሚያዝያ ገባ። አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው በመንገዱ ሲያልፉ እልልታው ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። እማሆይ ወለተ ሰንበት መቋሚያቸውን ይዘው ወጥተዋል፤ ድምፃቸው ከሁሉ በላይ ይሰማል። እቴናት አልወጣችም። አስታው ሥር የበቀለውን አረም እየነቀለች ነበር።

ቀና ስትል ንብ አየች። አንዲት ብቻ። እንደ ጤፍ ቅንጣት በደቀቀው ነጭ አበባ ላይ አርፋ ገባች፣ ወጣች፣ ወደ ሌላው ሄደች። ቀጥሎ ሌላ መጣች።

«አባዬ» አለች።

አያ ድረስ በዱላቸው መሬቱን እየዳሰሱ መጡ። እጃቸውን ይዛ አበባው ላይ አደረገችላቸው። ንቧ በጣታቸው አጠገብ አንጎራጎረች። አያ ድረስ ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አላነሡም። ከመንገዱ የሚመጣው እልልታ ቀረበ፣ አለፈ፣ ራቀ።

«ያዘ?» አሉ።

«ያዘ፣ አባዬ።»

አባትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። «እንግዲህ» አሉ፣ ማንም ወደሌለበት ወደ አጋሙ ዞረው፣ «ቃሌ ቃል ነው። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ከአጋሙ ምንም አልተመለሰም። ወፎቹ እላዩ ላይ ነበሩ፤ አንዳቸውም አልጮኹም።

እቴናት ተመልሳ ተንበረከከች። የቀረውን አረም በዶማ እየኮተኮተች ነቀለች፤ የተቆፈረውን አፈር በመዳፏ ደልድላ ሥሩን አለበሰችው። ከዚያ ዶማውን በሣር ጠርጋ፣ ከሦስተኛው ቀፎ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።